ጉልቻው ሲለወጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ተረቱ የተተረተው ለማድ ቤት እንዳልሆነ አናጣውም። ሆኖም ለዚህ ሳምንት የቤተሰብ ዓምዳችን ቃሉን እንደ ወረደ ወስደን፣ ስለ እውነተኛው ጉልቻ፣ በጢስ ስለ ጠቆረው ማድ ቤትና ከጀርባው ስላለው መጸዳጃ ቤት ከውድ አንባብያን ጋር ለመወያየት ፈቅደናል። ጉልቻው በመለወጡ ወጡ ባይጣፍጥ እንኳ የባለ ወጧ ዐይን ከጢስ ይድናል፤ የማገዶውም ክምር ይቀንሳል። ይህ ደግሞ ለወታደር ቤተሰብ ትንሽ ነገር አይደለም።

በቅድሚያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። በጦር ሰፈሩ ውስጥ የተሰጠን መኖሪያ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ዕድሜውም ከእኛ ዕድሜ የሚበልጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ከገባን በሁለተኛው ወር፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ ያጠራቀምነውን ጥቂት ገንዘብ አውጥተን ሳሎኑን አረንጓዴ ቀለም አስቀባን፤ ኮርኒሱንም በአዲስ አቡጀዲ አስወጠርን። ለበዓሉ የመጡ ወዳጆቻችን አደነቁልን፤ እኛም ኮራን። ሐምሌ ሲገባ ግን ቀለሙ ከወለሉ አንሥቶ እስከ ጉልበት ከፍታ ድረስ እየተላጠ ወረደ። በነሐሴ ደግሞ አቡጀዲው ላይ ቡና የፈሰሰበት የሚመስል ክብ ታየ፤ ክቡም በየሳምንቱ እየሰፋ ሄደ። በዚያው ሰሞን የቤታችን እመቤት እንጀራ ጋግራ፣ ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ከማድ ቤት ወጣችና፣ «እንግዳ በዓመት ስንት ቀን ይመጣል? እኔ ግን በየቀኑ እዚያ ውስጥ ነኝ» አለችን። መልስ አልነበረንም። የመሬቱን አቀማመጥ ሳያጠኑ ምሽግ መቆፈር እንደማይገባ በአካዳሚ ተምረናል፤ የራሳችንን ቤት ግን ሳናጠና ወደ ቀለም ቆርቆሮ ሮጠን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግንበኞችን፣ አናጢዎችንና የኤሌክትሪክ ሠራተኞችን ጠይቀን፣ ጥቂቱንም በገዛ እጃችን ሠርተን የተረዳነው፣ አሮጌ ቤት የሚታደሰው ከኋላ ወደ ፊት መሆኑን ነው። ጓዳው ይቀድማል፤ ሳሎኑ ይከተላል። ከጓዳውም በፊት የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ውኃ ነው።

ውኃው በየት በኩል ይገባል?

የጭቃ ቤት በብዙዎች ዘንድ እንደ ውርደት ይቆጠራል፤ እኛ በዚህ አንስማማም። የባሕር ዛፍ ቋሚ ተተክሎ፣ ማገር ተማግሮ፣ በጤፍ ጭድ ታሽቶ ለቀናት የሰነበተ ጭቃ የተመረገበት ግድግዳ ቀን ሙቀቱን ይዞ ማታ ይሰጣል፤ ሲሰነጠቅም የሚጠገነው በዚያው በግቢው አፈር ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ከተሞቻችን በአብዛኛው የተሠሩት በዚህ ዓይነት ነው። ጭቃ የሚፈራቸው ጠላቶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከላይ የሚወርድ ውኃና ከታች የሚወጣ ርጥበት። ምስጥም ቢሆን የርጥበቱን መንገድ ተከትሎ የሚመጣ ጭፍራ ነው።

ስለዚህ ገና ሳንቲም ሳይወጣ አንድ ከባድ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ቤቱን ዞሮ ማየት ይገባል። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ የት ላይ ያርፋል? ከግድግዳው ሥር አርፎ ጭቃውን የሚረጭ ከሆነ፣ የቀለሙ መላጥ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። መድኀኒቱ አሸንዳ ማሠር፣ አሸንዳ ባይገኝም በቤቱ ዙሪያ ውኃውን ወደ ዝቅተኛው ቦታ የሚወስድ ቦይ መቆፈር ነው። ቦይ ለመቆፈር የሚያስፈልገው አካፋና አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው። የእኛን ቤት ያዳነው ከአረንጓዴው ቀለም ይልቅ ይህ ቦይ መሆኑን ስንናገር እናፍራለን፤ ግን እውነት ነው።

ጣራውን በተመለከተ፣ አሮጌ ቆርቆሮ የሚያፈሰው ብዙውን ጊዜ ከምስማሩ ቀዳዳ ነው። ምስማሩ ላልቶ ከሆነ ከጎማ ማጠቢያ ጋር በአዲስ ምስማር መተካት ይበቃል፤ ቆርቆሮውን ሁሉ መለወጥ ላያስፈልግ ይችላል። ክዳኑ ግራጫ ሰሌዳ የሚመስል ኢተርኒት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአሮጌ ኢተርኒት ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ጭረት መሰል ማዕድን ሊኖር ይችላል፤ ብናኙ በሳንባ ውስጥ ከተቀመጠ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር ያመጣል። እንዲህ ያለውን ክዳን በመጋዝ መቁረጥ፣ መብሳት ወይም በደረቁ መፈግፈግ አይገባም። ስለ አሮጌ ዘይት ቀለምም የምንለው ተመሳሳይ ነው፤ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ባለበት ቤት በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይታሽ፤ በርጥብ ጨርቅ እየታበሰ ይነሣ።

ከሁሉ የበዛው ስሕተት በጭቃ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ሲሚንቶ መለሰን ነው። ጭቃ ርጥበት ሲገባው ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፤ አብሮት አይንቀሳቀስም። በመሆኑም ልስኑ በአንድ ሁለት ክረምት ውስጥ ተሰንጥቆ ይላቀቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃም መውጫ አጥቶ ከውስጥ ጭቃውን ያበሰብሳል፤ ቋሚውንም ለምስጥ ያዘጋጃል። ከውጭ ሲያዩት ግድግዳው ድንጋይ ይመስላል፤ በጣት ሲያንኳኩት ግን ባዶ ድምፅ ይሰጣል። በጭድ የታሸ ጭቃ ከሥር፣ ኖራ ከላይ መቀባት ርካሽ ከመሆኑም በላይ ግድግዳው እንዲተነፍስ ያደርጋል። ሲሚንቶ የሚያስፈልገው ከሥር ነው፤ የበሰበሰውን የቋሚ ጫፍ ቆርጦ ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ ግንብ ላይ ማሳረፍ ተገቢ ነው። ይህን ሥራ ግን ጣራውን በድጋፍ ሳይዙ አንድም ቋሚ አይነካም፤ ግንበኛ ያስፈልገዋል።

ማድ ቤት

አሁን ወደ ጉልቻው እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ከማገዶ፣ ከከሰልና ከመሳሰሉት በሚወጣ ጢስ የተነሣ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእነዚህ ውስጥ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ጢሱን የሳቡ ሕፃናት ይገኙባቸዋል። ይህን ቁጥር የጠቀስነው ለማስደንገጥ ሳይሆን፣ «ጢስ የለመደ አይጎዳውም» የሚለው አነጋገር ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት ነው። ዐይን ይለምዳል፤ ሳንባ አይለምድም።

በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት ሙቀቱን በአራቱም ማዕዘን ይበትናል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተስፋፋው ምርጥ ምድጃ ምጣዱን ዙሪያውን ከቦ እሳቱን ከሥሩ ስለሚይዝ፣ ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከዚህም ሌላ ከኋላው በሚወጣው ትኩስ ጢስ ላይ ድስት ወይም ጀበና መጣድ ይቻላል። ምድጃው በተለያዩ ክፍሎች የሚገጣጠም በመሆኑ፣ ዝውውር ሲመጣ ነቅሎ መውሰድም አያቅትም። ስለ ዝውውር ወደ በኋላ እንመለሳለን።

ምድጃው ብቻውን አይበቃም፤ ጢሱ መውጫ ይሻል። የሞቀ ጢስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ መስኮቱን በደረት ከፍታ መክፈት ብቻውን ጢሱን አያስወጣም። ከነፋሱ አቅጣጫ ዝቅ ያለ መግቢያ፣ ከተቃራኒው በኩል ደግሞ ከጣራው ሥር ከፍ ያለ መውጫ ሲኖር አየሩ በራሱ ኃይል ይጓዛል። ከቆርቆሮው ጫፍ ላይ ዝናብ የማያስገባ ትንሽ ከፍታ ያለው ክዳን ሠርቶ ከሥሩ ክፍት መተውም ይቻላል። የብረት ጢስ ማውጫ የሚገጥሙ ግን ቱቦው በማዳበሪያ ጆንያ ወይም በአቡጀዲ ኮርኒስ መካከል እንዳያልፍ ይጠንቀቁ። ጥቀርሻን ለመሸፈን ሲባል በማድ ቤት ግድግዳ ላይ ጋዜጣ መለጠፍም ይቅር፤ የእኛም ጋዜጣ ቢሆን።

ምድጃው ከመሬት ከፍ ይበል። ለዘመናት እናቶቻችን ወገባቸውን አጥፈው የጋገሩት ሌላ አማራጭ ስላልነበረ ነው እንጂ ሥርዐት ሆኖ አይደለም። ከድንጋይና ከጭቃ መደብ ሠርቶ ምድጃውን በላዩ ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ ገና መዳኽ የጀመረ ሕፃንም እሳቱን አይደርስበትም። ሽንኩርት የሚከተፍበት መደብ ከሠራተኛዋ ክርን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ትከሻ አይደክምም። ምጣዱ ደግሞ ሊጡ ከላይ ስለሚፈስበት ከዚያም ዝቅ ይበል። ልኩ የሚወሰደው ከባልየው ሳይሆን ከጋጋሪዋ መሆኑን ለወንድሞቻችን እናሳስባለን። ባልየው የሚጋግር ከሆነ ከእርሱ ይወሰድ፤ አንቃወምም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላችሁ ደግሞ ይህን አስተውሉ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,500 ዋት በላይ ይስባል፤ ይህም በ220 ቮልት መሥመር ላይ 16 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ማለት ነው። በአሮጌ ቤት ግድግዳ ውስጥ የተዘረጋው ሽቦ በብዛት ለአምፖልና ለሬዲዮ የታሰበ ቀጭን ሽቦ ነው። ምጣዱ በዚያ ላይ ሲሰካ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ ከጎኑ ያለው የደረቀ ማገርና የኮርኒስ ጨርቅ ነው። ሶኬቱ ሲጠቁር፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሲሸት፣ ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ሲፈዝ እነዚህ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ናቸው። ለምጣዱ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ የራሱ ወፍራም መሥመር፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል። የገንዘባችን አቅም አንድ ሥራ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ከሴራሚኩ ይህ ይቅደም።

አንድ ነገር ደግሞ ልባችንን ስለሚያስጨንቀው በአጽንዖት እንናገር። አሮጌው ቤት ነፋስ ያስገባል፤ በበሩ ሥር፣ በመስኮቱ ጎን፣ በምርጊቱ ስንጥቅ ይገባል። እኛም ስናድሰው የመጀመሪያ ደስታችን ያን ሁሉ መድፈን ነው። ዳሩ ግን ለዓመታት የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ ብርድን ያሳለፈ ቤተሰብ ሳይጎዳ የኖረው በእነዚያ ስንጥቆች ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጢስ የሌለው ፍም ሳይቀር ያመነጨዋል። ቤቱ በሚገባ በተደፈነበት በመጀመሪያው ክረምት፣ ያው ማንደጃ፣ በዚያው ቦታ፣ የተኙትን ሁሉ ሊገድል ይችላል። ቤታችሁን ስታድሱ ከሰል ወደ መኝታ ክፍል የሚገባበት ልማድ በዚያው ዕለት ይቁም፤ በየክፍሉም የማይደፈን የአየር መግቢያ ይተው።

መታጠቢያና መጸዳጃ

የከተማ ኑሮ እየተለመደ ሲሄድ ብዙዎች መታጠቢያውን ወደ ዋናው ቤት ለማስገባት ይመኛሉ። ምኞቱ ተገቢ ነው፤ በሌሊት ሕፃን ይዞ በጭቃ መካከል መሄድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግን መታጠቢያ ማለት በየቀኑ በቤት ውስጥ የሚዘንብ ዝናብ ነው። በጭቃ ግድግዳ ላይ ሴራሚክ ለጥፎ ውኃ ማፍሰስ ግድግዳውን ቀብሮ ሐውልት እንደ ማቆም ይቆጠራል። የመታጠቢያው ክፍል ከቤቱ ጋር ተያይዞ ይሠራ እንጂ የራሱ የብሎኬት ወይም የድንጋይ ግድግዳ ይኑረው። ወለሉ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፍሳሹ አፍ ያዘንብል። የፍሳሹ ቧንቧ ውኃ የሚቋጥር ጉብጠት ወይም ሲፎን ከሌለው፣ ሽታውና በረሮው ተመልሶ ይመጣል። የታጠብንበት ውኃ ከቤቱ ቢያንስ 5 ሜትር ርቆ በድንጋይ በተሞላ የማስረጊያ ጉድጓድ ውስጥ ይግባ፤ ወደ ደረቅ የመጸዳጃ ጉድጓድ መልቀቁ የወባ ባትሆንም የምትናደፍ ቢንቢ ማርቢያ ማዘጋጀት ነው።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ጥሩ መላ ነው። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ሲሞላ የውኃው ክብደት ብቻ 200 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህን ሸክም በአሮጌ ግድግዳ ወይም በጣራው ወራጅ ላይ መጫን አደጋ ነው፤ የራሱ አራት እግር ይሠራለት።

ቧንቧ ላልገባለት ቤት፣ በአሁኗ ዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከተሠራው አየር ማስወጫ ካለው የጉድጓድ መጸዳጃ የተሻለ መፍትሔ አላየንም። አሠራሩ ቀላል ነው። ከጉድጓዱ የሚነሣ ወፍራም ቧንቧ ከጣራው በላይ በ50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል፤ በአፉ ላይ ጥሩ ወንፊት ይታሰርበታል። ነፋስ በቧንቧው አፍ ላይ ሲያልፍ ሽታውን ስቦ ያወጣል። ዝንብ ብርሃን ስለምትከተል፣ የመጸዳጃው ክፍል ደብዘዝ ያለ ከሆነ፣ ከጉድጓዱ ወደ ቧንቧው ብርሃን ትበራለች፤ በወንፊቱም ተይዛ ትሞታለች። እዚህ ላይ ከልብ በመነጨ ንጽሕና የሚፈጸም ስሕተት አለ፤ ክፍሉ ብሩህ እንዲሆን ትልቅ መስኮት መክፈትና ቀዳዳውን አጥብቆ መክደን። ሁለቱም የአየሩንና የዝንቧን መንገድ ያበላሻሉ። ጉድጓዱ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

ለልጆች ጠበብ ያለ ቀዳዳ ያለው ተንቀሳቃሽ ሰሌዳ ማዘጋጀት አይረሳ። ሕፃናት ትልቁን ቀዳዳ ስለሚፈሩ ከቤት ጀርባ ሜዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኛም «ልጅ ነው» ብለን እናልፋለን። ትራኮማን ከዐይን ወደ ዐይን የምታዛምተው ዝንብ የምትራባው ግን ሜዳ ላይ በቀረ ዐይነ ምድር ላይ ነው። አገራችን በዚህ የዐይን በሽታ ክፉኛ ከተጠቁት አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ የሕፃኑ ሰሌዳና በመጸዳጃው ደጃፍ የተሰቀለው ፊት መታጠቢያ ጀሪካን ከማንኛውም የሳሎን ዕቃ ይበልጣሉ።

«የሰው ቤት ነው»

ይህን ሁሉ ስንናገር የሚመጣብንን ጥያቄ አስቀድመን እናውቀዋለን። አንዲት የአሥር አለቃ ባለቤት፣ «ነገ ለምንለቀው ቤት ለምን ገንዘብ እናፍስ? ስድስት ዓመት ሙሉ ይኸው ዛሬ ነገ እንሄዳለን ስንል በዚህ ጢስ ውስጥ ኖርን» ብለውናል። በአንድ አፍ የተነገሩት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ ሰማን፤ እርሳቸውም ሰምተው ሣቁ።

ጥያቄው በከተማም ያለ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ብዙ አነስተኛ የኪራይ ቤቶችን በቀበሌ አስተዳደር ሥር አደረገ። ኪራዩ ዝቅተኛ በመሆኑ ብዙ ቤተሰብ መጠለያ አገኘ፤ ተከራዩ ግን ለማፍረስም ሆነ ለመጨመር መብት አልነበረውም፤ ለጥገና የሚመደበውም ገንዘብ አነስተኛ ነበር። የጋራ ማድ ቤቶችና የጋራ መጸዳጃ ቤቶች እንዲያ ያረጁት ከዚህ የተነሣ ጭምር ነው። የሁሉ የሆነ ጓዳ የማንም ሆኖ ቀረ።

በእኛ አስተያየት ሥራውን በሦስት መክፈል ይገባል። ይዘነው የምንሄደው አለ፤ ምድጃው፣ ምጣዱ፣ በርሜሉ፣ የልጆቹ ሰሌዳ። በጉልበት ብቻ የሚሠራ አለ፤ ቦዩ፣ መደቡ፣ የጢሱ መውጫ፣ የኖራው ቅብ። ለእነዚህ ለሁለቱ ማንም ቤተሰብ የዝውውር ደብዳቤ መጠበቅ የለበትም። ግድግዳ የሚያፈርስ፣ ቋሚ የሚነካ ወይም ከቆጣሪ አዲስ መሥመር የሚስብ ሥራ ሲሆን ግን አስቀድሞ ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ ማመልከት ግዴታ ነው። ብቻዎን ሆነው ከማመልከት፣ አንድ መጸዳጃ የሚጋሩ አራት ቤተሰቦች በአንድ ወረቀት ቢፈርሙ ይሻላል። በእኛ ሰፈር የተደረገው እንዲህ ነው። ቧንቧውንና ሲሚንቶውን መሥሪያ ቤቱ ሰጠ፤ ድንጋዩንና ጉልበቱን እኛ። ወይዘሮዎቹ ደግሞ የጽዳቱን ተራ ወረቀት አዘጋጅተው በሩ ላይ ለጠፉ፤ በተራው ወረቀት ላይ የባሎችም ስም ተጽፏል፤ የእኛ ሐሙስ ነው።

የማድ ቤቱን መደብ ለመሥራት አሮጌውን ምርጊት ስንፍቅ፣ ከእኛ በፊት የኖረ ቤተሰብ ከወለሉ ሥር ያነጠፈውን የድንጋይ ንጣፍ አገኘን። ማን እንደ ነበሩ የሚያስታውስ ሰው በሰፈሩ የለም። ንጣፉ ደረቅ ስለ ነበር መደቡን በቀጥታ በላዩ ሠራን፤ የሁለት ቀን ሥራ ቀነሰልን።

ሳሎኑ እስከ አሁን አልተቀባም። እስከ ጉልበት ድረስ የተላጠው አረንጓዴ ቀለም እንዳለ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ወንበር እናስጠጋበታለን። የመታጠቢያው ክፍል በርም ገና ስላልተሠራ ለጊዜው አሮጌ ብርድ ልብስ ሰቅለናል። አናጢው ለሚመጣው ቅዳሜ ቀጥሮናል፤ ባለፈውም ቅዳሜ ቀጥሮን ነበር።